የጋሪዋ ጎማ እምቢ ያለች ዕለት

«እማዬ፣ ይቺ ጎን ያለችው ወንበር የማን ናት?»

እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ ልጄ ትርሲት ናት፤ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። በረንዳው ላይ ጋዜጣ አንጥፈን ሞተር ሳይክል እንሠራ ነበር። እውነተኛ አይደለችም፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ናት። የወታደር ሞተር ናት፤ ጎኗ ላይ ሰው የሚቀመጥባት ጋሪ አላት። እንዲህ ያለችውን አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ልጇን በጎኗ ታቅፋ የምትሄድ እናት ያስብ፤ ቁርጥ እሷን ናት።

«እኔ አላውቅም፣ የኔ ልጅ፤ አባባን እንጠይቃቸዋለን» አልኳት።

ግን ጥያቄዋ መልስ እስኪያገኝ ስንቱ እምቢ አለ! ጎማ እምቢ አለች፣ ብሩሽ እምቢ አለ፣ ድመት እንኳ እምቢ አለች። የሰፈራችን ልጆች ዛሬም ሲያገኙኝ «ያንን የእምቢታውን ንገሪን» ይሉኛል፤ እኔም እነግራቸዋለሁ። እናንተም አረፍ በሉ። የምትጣደፉ ካላችሁ ግን ደህና ዋሉ፤ ይሄ ወሬ አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር ወደ ኋላው እየተመለሰ ነው የሚሄደው።

ትርሲት «አባባ» የምትላቸው አባቴን ነው፤ ሃምሳ አለቃ ድንበሩን። እዚሁ ሆለታ በወጣትነታቸው የጦሩን ባለ ጋሪ ሞተር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ደም ግፊት ጣላቸውና ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ሰነፈ። አፋቸው ግን፣ ተመስገን፣ አልተያዘም። ሐኪሙ «በጊዜ ተነሥተው ቁጭ ማለት ካልጀመሩ፣ አልጋው ይለምዳቸዋል፤ ኋላ አይለቃቸውም» ብሎኛል። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ክንዴን ስዘረጋላቸው፣

«ተይኝ! እኔ ሰው ተደግፌ አልቀመጥም» ይሉኛል።

«ታዲያ እንዴት ይሁን፣ አባዬ?»

«እተኛለኋ!»

ወታደር ሲያኮርፍ አይታችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ተኩስም የለው፣ እርቅም የለው።

ወንድሜ ይርዳው ከአዲስ አበባ ሊጠይቃቸው ሲመጣ አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። ካርቶኑ ውስጥ የሞተሯ አካል ሁሉ እንደ ዓሣ አጥንት ከፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተለጥፏል፤ መሪ፣ መብራት፣ የቤንዚን ሰልባትዮ፣ ጋሪ፣ ጎማ። እየቆረጡ፣ በሙጫ እያጣበቁ፣ እየቀቡ ነው የሚሠራው። «እጃቸውን ያፍታቱበት ብዬ ነው» አለ ወንድሜ። አባቴ ካርቶኑን በግራ እጃቸው ገፋ አደረጉና «አሻንጉሊት ለልጅ ስጡ» አሉ። ለልጅ ሰጠን። ልጅቷም ለእኔ ሰጠችኝ፤ የዚህ ዓይነት ነገር መጨረሻው እናት ጋ ነው።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ የወረቀቱን እንግሊዝኛ አልዘልቀውም። ሥዕሉን ግን እያየሁ፣ በጥፍር መቁረጫ እየቆረጥኩ፣ በጥፍር ሞረድ እያለሰለስኩ፣ በስፒል ጫፍ ሙጫ እያስነካሁ፣ ቀስ በቀስ ነገሩ መልክ ያዘ። ቀለሙን ለወንድሜ ደውዬ ጠየቅሁት። «ወይራ ነው የሚለው፤ የወይራ ቀለም ቀቧት» አለኝ። ለእኔ ደግሞ ወይራ ማለት የአባቴ ከዘራ ነው። ከአልጋው ሥር የተጋደመውን ከዘራ ብቅ አድርጌ አየሁና ቀዩን ከጥቁሩ፣ ጥቁሩን ከቢጫው አደባልቄ፣ ያንኑ ከዘራ የመሰለ ጠይም ቀይ አወጣሁ። መሪዋም ጋሪዋም ያንኑ ለበሱ። ደስ አለን።

የፍልሰታ ጾም ነበር። ትርሲትም እንደ እኩዮቿ ትጾማለች፤ ከቅዳሴ መልስ ጠበል ቀምሰን፣ ሽሯችንን በልተን፣ ወደ በረንዳችን ነው። ያን ዕለት አንድ ነገር ብቻ ቀርቶናል፦ የጋሪዋ ጎማ። የፊቱም የኋላውም ገብቷል። የጋሪዋ ግን ስላልገባች ሞተሯ ወደ ቀኝ ዘመም ብላ ጋዜጣው ላይ ተጋድማለች።

ትርሲት አየቻት፣ አየቻትና በሹክሹክታ፣ «አባባን መሰለች» አለች።

የሞተሯን ቀኝ ጎን በጣቴ ደገፍ አደረግሁላት።

«እማዬ፣ ጎማዋን እናስገባላትና ቀጥ ብላ ትቁም። ከዚያ አባባ ራስጌ በርጩማው ላይ እናቆማታለን። ቀጥ ብላ ካያት እሱም ይነሣል።»

«እሳቸውም ይነሣሉ በይ።» አባባን አንቱ በይ እላታለሁ፤ እሺ ትለኛለች፤ ትረሳዋለች።

እንግዲህ የልጅቷ ፍላጎት ይቺው ናት። ከሽንብራ ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ጎማ ማስገባት።

ትርሲት ጎማዋን በሁለት ጣቷ አነሣችና «ጎማ፣ ጎማ፣ ግቢ» አለቻት።

ጎማዋም (ድምፅ የሆንኩላት እኔ ነኝ) «እህቶቼ ጥቁር ለብሰው እኔ ራቁቴን? ቀለም ካልተቀባሁ አልገባም!» አለች።

ትርሲት ሳቀች። ጨዋታው ገባት። ወደ ጥቁሩ ቀለም ዞራ «ቀለም፣ ቀለም፣ ጎማዋን ቀባ። ቀለሙ ካልቀባ ጎማዋ አትገባም፣ ጎማዋ ካልገባች ሞተሯ አትቆምም» አለችው።

ቀለሙም ከጠርሙሱ ሆኖ፣ «እኔ እግር የለኝ፣ እጅ የለኝ። ብሩሽ ካልወሰደኝ አልወጣም» አለ።

ብሩሹ ያው ከካርቶኑ ጋር የመጣው ነው። ሳይታጠብ አድሮ ፀጉሩ እንደ ምስማር ደርቋል። ማን ሳያጥበው እንዳሳደረ አልናገርም፤ ትርሲት ግን ወደ ጣሪያው አየች። ብሩሹን ያዘችና «ብሩሽ፣ ብሩሽ፣ ቀለሙን አውጣ። ብሩሹ ካልመጣ ቀለሙ አይወጣም፣ ቀለሙ ካልወጣ ጎማዋ አትገባም፣ ጎማዋ ካልገባች ሞተሯ አትቆምም» አለችው።

ብሩሹም «እንዲህ አድርቀሽኝ ደግሞ ትለምኚኛለሽ? ለስላሳ ፀጉር ካልተከልሽልኝ አልመጣም!» አላት።

ከሱቅ እንገዛለን እንዳትሉ። ሱቁ ያለው የግድግዳ ብሩሽ ነው፤ በእሱ አንዴ ብትነኳት ሞተሯ ከነጋሪዋ ትሰጥማለች። ለስላሳ ፀጉር ያላት ቤታችን ውስጥ አንዲት ፍጡር ናት፤ ድመታችን ቡሬ። ቡሬ በረንዳው ጥግ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ትርሲት አጠገቧ በርከክ አለች።

«ቡሬ፣ ቡሬ፣ ከጭራሽ ጫፍ ትንሽ ፀጉር ስጪኝ። ፀጉር ከሌለ ብሩሹ አይመጣም፣ ብሩሹ ካልመጣ ቀለሙ አይወጣም፣ ቀለሙ ካልወጣ ጎማዋ አትገባም፣ ጎማዋ ካልገባች ሞተሯ አትቆምም።»

ቡሬ ለራሷ የሚናገርላት አልፈለገችም። ጭራዋን ስትነካት እጇን ቸብ አደረገቻትና ወደ ጓዳ አየች፣ «ሚያው» አለች።

«ምን አለች፣ እማዬ?»

«ጾሙ ከገባ ሽሮ በሽሮ ሆኛለሁ፤ ወተት ካልጠጣሁ ፀጉሬን አልሰጥም ነው የምትለው።»

«ቡሬ! ፍልሰታ ነው እኮ! እኔ እንኳ እየጾምኩ ነው!»

ቡሬ አዛጋች። ለድመት ፍልሰታ ምኗ ነው።

ቤታችን ውስጥ ደግሞ ወተት የለም እንዳልል፣ አለ። ለአባቴ ነው። የንስሐ አባታችን መምሬ ላቀው «ሕመምተኛ ነው፤ ጾሙን እኔ ፈትቼለታለሁ፤ ወተት ይጠጣ» ብለው ፈቅደዋል። ወተቱን የምታመጣልን ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናት። በየቀኑ ትሰጠናለች፤ በየቀኑ ከአልጋቸው አጠገብ አስቀምጣለሁ፤ አባቴ «ልጅ እየጾመች እኔ ወተት እጠጣለሁ?» ይላሉ፤ በየቀኑ ስልባቦት ይይዛል። የማይጠጣው ወተት የት እንደሚሄድ ለእትዬ ዘነበች አልነገርኳትም። እርጎ ሆኖ የጾሙን መፈታት ይጠብቃል።

ነገሩ ጾሙ ብቻ አለመሆኑን ግን አውቃለሁ። ተኝተው ሲጠጡ አንገታቸው ላይ ይፈሳል። ቁጭ ብለው ለመጠጣት ደግሞ ጀርባቸውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ያንን ነው የማይፈልጉት።

ይህን እያሰብኩ እትዬ ዘነበች የወተቷን ጣሳ ይዛ ከች አለች።

«አንቺ አስካለ! ጨርቅሽ ሁሉ ቀለም በቀለም! በዚህ ዕድሜሽ አሻንጉሊት ጀመርሽ?»

«ለአባዬ ነው፣ እትዬ።»

«ለሃምሳ አለቃ? እሳቸው ይሄን ሊነዱት?»

ትርሲት ጣሳውን ስታይ ዘላ ተነሣች። «ወተት፣ ወተት፣ ለቡሬ ና! ወተቱ ካልመጣ ቡሬ አትሰጥም፣ ቡሬ ካልሰጠች ፀጉር የለም፣ ፀጉር ከሌለ ብሩሹ አይመጣም፣ ብሩሹ ካልመጣ ቀለሙ አይወጣም፣ ቀለሙ ካልወጣ ጎማዋ አትገባም፣ ጎማዋ ካልገባች ሞተሯ አትቆምም!»

«ምንድን ነው የምትለፈልፈው ይቺ?» አለች እትዬ ዘነበች። ነገርኳት። ጣሳዋን ደረቷ ላይ ለጠፈች።

«ለድመት?! ስሚ፣ ይሄ በመምሬ ቃል ለበሽተኛ የመጣ ወተት ነው። ባለቤቱ ሳይቀምሰው ድመት አፏን ብትነክርበት፣ አንቺንም አላውቅሽም፣ ድመትሽንም አላውቃት! መጀመሪያ እሳቸው፣ የተረፈውን እንደፈለግሽ።»

ስለዚህ ለወተቱ ድምፅ ልሆንለት አላስፈለገኝም፤ እትዬ ዘነበች ሆነችለት። ወተቱ ባለቤቱ ካልቀመሰው አልመጣም አለ። እሷም ጣሳውን ሰጥታኝ፣ ወደ ቤት ውስጥ አንገቷን አስግጋ «ሃምሳ አለቃ፣ ምሕረቱን ያምጣልዎ!» ብላ ሄደች። ከውስጥ «አሜን» የሚል ድምፅ ወጣ፤ ከግድግዳው ጋር የሚያወራ ሰው ድምፅ።

ወተቱን አፍልቼ፣ ጆሮ ባለው ኩባያ ቀዳሁና ገባን። ትርሲት ከፊት፣ ዘማማዋን ሞተር በሁለት እጇ ይዛ፤ እኔ ከኋላ፤ ቡሬ የወተቱን ሽታ ተከትላ ከሁላችን ኋላ። አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተውናል።

ትርሲት ሞተሯን በርጩማው ላይ አስቀምጣ፣ ኩባያውን ተቀብላ እጀታውን ወደ እሳቸው አዞረች። «ኩባያ፣ ኩባያ፣ ለአባባ ዘንበል በል» አለችው።

ኩባያው ምን እንደሚል አሁን እሷው ታውቃለች። ድምፅዋን አወፈረችና፣ «ለተኛ ሰው ዘንበል ካልኩ አንገት ላይ ነው የምፈሰው። ቁጭ ላላለ ሰው ዘንበል አልልም!» አለች።

ቀጥሎ ወደ አያቷ ጀርባ ዞረች። አሁን ሳቋ ሁሉ ጠፋ። የቀረው ጨዋታ አይደለም። እኔም የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ።

«አባባ፣ አባባ፣ ቁጭ በል» አለች። «አባባ ቁጭ ካላለ ኩባያው ዘንበል አይልም፣ ኩባያው ዘንበል ካላለ ወተቱ አይቀመስም፣ ወተቱ ካልተቀመሰ ቡሬ አትጠጣም፣ ቡሬ ካልጠጣች ፀጉር የለም፣ ፀጉር ከሌለ ብሩሹ አይመጣም፣ ብሩሹ ካልመጣ ቀለሙ አይወጣም፣ ቀለሙ ካልወጣ ጎማዋ አትገባም፣ ጎማዋ ካልገባች ሞተሯ አትቆምም።»

ጀርባው አልተንቀሳቀሰም። ጣሪያው ላይ ዝናቡ መንጠብጠብ ጀመረ።

ትርሲት ወደ እኔ መጣችና ቀሚሴን ጎተተች። «እግዚአብሔርን ለምን አንጨምረውም? እሱን እምቢ የሚል የለም።»

«እሱን ጨዋታ ውስጥ አናስገባውም፣ ልጄ። እሱን እኔ ለብቻዬ እለምነዋለሁ» አልኳት። እየለመንኩትም ነበር፤ መቃኑን ይዤ፣ እዚያው ቆሜ።

እንደ ምንም ከግድግዳው በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

«ብሎኗንስ?»

«ምን አልክ፣ አባባ?»

«ጎማ፣ ጎማ ትላላችሁ። ብሎኗን ሳታስገቡ ጎማ ቢገባ ባይገባ ምን ዋጋ አለው? የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ትወልቅና የተሳፈሩትን ገደል ትከቷቸዋላችሁ።»

ትርሲት ጋዜጣው ላይ ልትፈልግ ወደ በረንዳው በረረች። እውነትም ከዘንጉ ላይ ያልቆረጥናት አንዲት ነገር ነበረች፤ ከጤፍ ትንሽ የምትበልጥ። እኔ ትራፊ መስላኝ ልጥላት ነበር። ይዛት መጣች። «ይቺ ናት?»

አባቴ ያን ጊዜ አንገታቸውን አዞሩ። አንገታቸውን ብቻ። ብሎኗን አይተው ሲጨርሱ ዓይናቸው ሞተሯ ላይ አረፈ።

«ምንድን ነው የቀባችኋት?»

«ወይራ ነው፣ አባባ! የወይራ ቀለም። ወረቀቱ ነው ያለው።»

«ይሄ?» አሉ። ጢማቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። «ይሄ ከዘራዬ ነው እኮ! ወይራ የተባለው ቅጠሉ ነው፣ እናንተ! ቅጠሉ! የጦር ሞተር እንጨት መስሎ ያውቃል?» ሳቁ። ሆዳቸው እስኪርገበገብ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄዶ ደግሞ ወደ ሳቅ ተመለሰ። «ጠላት ቢያያት ከዘራ እየበረረ መጣ ብሎ ይሸሻል!»

እኔም ሳቅሁ፤ ልጅ ሆኜ እንኳ እንዲህ ሲስቁ እምብዛም አላየሁም። ትርሲት ግን አልሳቀችም። ጊዜው እንዳያመልጣት የፈራች ይመስል ያቺን ጥያቄዋን አወጣች።

«አባባ፣ ይቺ ጎን ያለችው ወንበር የማን ናት?»

«የአለቃ ናት።»

«የሚነዳውስ?»

«ነጂ ነጂ ነው። አለቃ ጎን ይቀመጣል፣ ነጂ ይወስደዋል። ደንቡ ነው።»

«አንተ ተቀምጠህባት ታውቃለህ?»

«እኔ? እኔ ነጂ ነኛ! አንድም ቀን አልተቀመጥኩባት።»

ትርሲት አሰበች። ስታስብ ከንፈሯን ትነክሳለች። ቀጥላ፣ በጣም ግራ እንደገባው ሰው፣

«ሃምሳ አለቃ አይደለህ እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ አለቃ ነሃ! ስምህ ላይ አለ! ደግሞ የሃምሳ ሰው!»

አባቴ ዓይናቸውን ከሞተሯ ወደ እሷ አነሡ። ማዕረጉን እኛ እንደ ስም ነው የምንጠራው፤ እሳቸውም እንደ ስም ነው «አቤት» የሚሉት። ውስጡ ያለውን ቃል ሰምቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ስለዚህ ጎን መቀመጥ የአንተ ነው» አለች ትርሲት። «እኔ ነጂ ነኝ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ፣ በቀኛቸው በኩል፣ ቁጢጥ አለች። መሪ እንደያዘ ሰው ሁለት እጇን ወደፊት ዘረጋች። ከንፈሯን አርገበገበች፣ «ድ-ድ-ድ-ድ-ድ።» ከዚያ ዘወር ብላ፣ ስንት ጊዜ ተቆጥቻት አልሆንላት ያለው ነገር ያን ጊዜ ከአፏ ዱብ አለ፦

«አለቃዬ፣ ይሳፈሩ!»

አባቴ የተዘረጉትን ትንንሽ እጆቿን አዩ።

«አለቃ ሲሳፈር» አሉ ቀስ ብለው፣ «ነጂ ወርዶ ክንዱን ይሰጣል። ስንቱን ሻለቃ፣ ስንቱን ኮሎኔል ደግፌ አሳፍሬያለሁ።»

«ያፍሩ ነበር?»

«ምን ያሳፍራቸዋል? ደንቡ ነው አልኩሽ...» ብለው የጀመሩትን አልጨረሱትም። የገዛ ንግግራቸው ጆሯቸው ገባ።

ትርሲት ከአልጋው ወረደች። ቀጥ ብላ ቆማ ትንሽ ክንዷን ዘረጋች።

አባቴ ግራ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አሻግረው ክንዷን ያዙ። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ክንዷ እንደ ሸንኮራ አገዳ ነው፤ የትኛውን ኮሎኔል ታነሣለች? እኔ በአልጋው ማዶ ዞሬ፣ ትራሱን እንደማስተካክል ሆኜ፣ መዳፌን ከጀርባቸው አስገባሁ። በብርድ ጊዜ ሞተር ከኋላው ካልተገፋ አይነሣም፤ ይሄን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ገፋሁ። እጄን አወቁት፤ ምንም አላሉም። ድ-ድ-ድ-ድ አለች ትርሲት።

አባቴም ቁጭ አሉ!

አባባ ቁጭ ሲሉ ኩባያው ዘንበል አለ፣ ኩባያው ዘንበል ሲል ወተቱ ተቀመሰ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ቀጥሎ በደንብ፤ ስልባቦቱ ጢማቸው ላይ ቀረ። ወተቱ ሲቀመስ የተረፈው ለቡሬ ተደፋላት፣ ቡሬ ጠጣች፣ ሳህኑን ልሳ አልጋው ላይ ወጣችና ጢማቸውን ልትጨምር አየች። ቡሬ ስትጠጣ ጭራዋን ለቀቀች፤ በጥፍር መቁረጫ ከጫፉ ቆንጠር አደረግሁና በክር አሠርኩት። ፀጉር ሲገኝ ብሩሹ መጣ፣ ብሩሹ ሲመጣ ቀለሙ ወጣ፣ ቀለሙ ሲወጣ ጎማዋ ጥቁሯን ለበሰች። እስክትደርቅም እፍ እያልን አደረቅናት፤ ትርሲት አንድ እፍ፣ እኔ አንድ እፍ፣ አባባ፣ ትንፋሻቸው እያጠረ፣ አንድ እፍ።

ጎማዋን ልታስገባ ትርሲት እጇን ስትዘረጋ፣ «ወዲህ በይ» አሉ አባቴ። «ብሎን እንዴት እንደሚገባ መች አየሽ።»

ሞተሯን በግራ እጃቸው ያዙ። ብሎኗን እኔ በስፒል አቀበልኳቸው። ጎማዋን ትርሲት ቦታዋ ላይ አስደገፈችላቸው። መግፋት ብቻ ነው የቀረው፤ የሚገፋው እጅ ደግሞ ያ ጭናቸው ላይ ተጋድሞ የከረመው ነው። አዩት። እኛም አየነው። አውራ ጣቱ ተንቀጠቀጠ፤ ተነሣ፤ ሞተሯን ስቶ ብርድ ልብሱን ነካ። እንደገና ተነሣ። ማንም አልረዳቸውም፤ ትርሲት እንኳ ድ-ድ ማለቷን አቆመች።

ጠቅ አለች።

ጎማዋ ስትገባ ሞተሯ ቆመች። በርጩማው ላይ፣ ራስጌያቸው፣ በሦስቱም እግሯ፣ ቀጥ ብላ።

«በቅጠሉ ቀለም እንደገና እንቀባታለን፣ አባዬ» አልኳቸው።

«ተይው» አሉ ጢማቸውን እየጠረጉ። «ከዘራ ትሁን። ከዘራም ይጠቅማል።»

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ አባርቷል። አባቴ ሲወድቁ ከቁም ሳጥኑ ላይ በፌስታል ጠቅልዬ የሰቀልኩትን ጫማቸውን አወረድኩ። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። የቀኙን ክር፣ እግራቸው እንዳይቸገር፣ እስከ ታች ድረስ ለቀቅ አደረግሁት። ከዚያ በሩ አጠገብ፣ የጫማዎቹን አፍንጫ ወደ ውጭ አዙሬ አስቀመጥኩ።